የወላጅ መዋጮ

ቆንጂት የሰማችው በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ነው። ጆሮዋን ጥላ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ የሳምንቱን ልብስ፣ ነጩን ለብቻ ቀለማሙን ለብቻ እየለየች ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር፤ ልጇ ሰሎሜ ደግሞ የስልኩን ረጅም ገመድ ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ጎትታ፣ በሩን ገመዱ ላይ ዘግታ፣ ከጓደኛዋ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። ሰሎሜ እዚያ የምትገባው የምትደብቀው ነገር ኖሯት አይደለም፤ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ባለሁለት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቁልፍ ያለው በር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። «ወላጆቼ ዜሮ ናቸው» አለች። ድምጿ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር። «ሁለቱም። ተደምረው። ትናንት ቁጭ ብዬ ሠራሁት፤ ዜሮ!» ከወዲያ ያለችው ጓደኛዋም እንኳን ደስ ያለሽ ሳትላት አልቀረችም፣ ሰሎሜ ደጋግማ ስታመሰግን ተሰማ።

ቆንጂት አንድ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ጥንዱን እየፈለገች ነበር፤ ረሳችው። ድሃ መባል ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። መሀል ከተማ ባለ ሆቴል ምድር ቤት የሰው አንሶላ ስታጥፍ ስንት ዘመኗ፣ ሀብታም ነሽ ያላት አንድም ሰው የለም። ግን ዜሮ? ያውም በገዛ ልጇ አፍ፣ ያውም በሳቅ? አንድ ሰው ዜሮ ቢሆን ይሁን፣ ሁለት ሰው ተደምሮ እንዴት ዜሮ ይሆናል ብላ አሰበችና፣ በገዛ ሐሳቧ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሆድ ይፍጀው ብላ ካልሲውን ቀለማሙ ክምር ላይ ጣለችው። ነጭ ነበር።

ሆድ ይፍጀው ማለት ያልሆነለት ባሏ ነው። ዘመድኩን ወጥ ቤት ቆሞ ለከሰዓቱ ስብሰባ ጫማውን ቀለም ይቀባ ነበር፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አያውቅም። ብሩሹን እንደያዘ ብቅ አለና ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ምንም አላለች፣ አለችው። «ሰምቻለሁ እኮ» አለና ተመልሶ ገባ። ከዚያ በኋላ ግራውን ጫማ ብቻ፣ ቀኙ እስኪያፍር ድረስ ወለወለው።

ቁርስ ላይ ነገሩ ተብራራ፤ ተብራራና ባሰ። ሰሎሜን መሀል ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እንድትማር ተቀብሏታል። የሃይስኩል አማካሪዋ አንድ ትንሽ መምሪያ ሰጥታታለች፤ የተማሪ ብድር ከመጠየቃችሁ በፊት የቤተሰባችሁን ድርሻ እቤታችሁ ገምቱ የሚል። የወላጅ ገቢ ይህን ያህል፣ የቤተሰብ ብዛት ይህን ያህል ብለው ሠንጠረዡ ላይ ሲያዩት፣ ቤተሰቡ ከኪሱ ስንት ማውጣት እንዳለበት ይነግራል። ከዚያ የጎደለውን መንግሥት ያበድራል። ሰሎሜ ይህን በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ጨረሰችው፤ ዋናው ነገር ግን ለሁለቱም ገባቸው፦ የቤተሰቡ ድርሻ ዜሮ ከሆነ የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ያበድሯታል፤ ብድሩ ካልመጣ ደግሞ ትምህርት የለም፤ ዶናት ቤት ሠርታ የምታገኘው ከመጽሐፍ መግዣ አያልፍም። ማመልከቻው ላይ እናትም አባትም መፈረም አለባቸው። ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ይገባል። ቆንጂት መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኗን ጨፍና ፈረመች። ዘመድኩን እስክሪብቶውን አልተቀበለም።

«እና እኔ ለዚህች ልጅ የሚጠበቅብኝ ነገር የለም» አለ።

«ፎር ስኩል፣ አባዬ። ለስኩል ብቻ። ኢትስ ጉድ እኮ» አለች ሰሎሜ። ዘመድኩን ከስብሰባው መልስ እፈርማለሁ ብሎ ተነሣ። ዳቦው ግማሽ ቀረ።

ዘመድኩን አገር ቤት ሳለ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። በሥሩ አምስት ሰው ያዝዝ ነበር፣ አምስተኛው ተላላኪ ቢሆንም። በሱዳን ዞሮ ቶሮንቶ ከገባ ወዲህ ሐይቁ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ አንድ ሰው በምትይዝ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ገንዘብ ይቀበላል። ወደ አገር ቤት በሚጽፈው ደብዳቤ ግን ሥራው «በትራንስፖርት ዘርፍ» ነው፤ ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ለአበሻው ሰው «ማኔጅመንት ውስጥ ነኝ» ይላል። ቆንጂት ይህን በጆሮዋ የሰማች ቀን እቤት እስኪደርሱ አፍጥጣ አየችው፤ እሱም የመስታወቷ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ የሚያዘውም የሚታዘዘውም እሱው መሆኑን ረጋ ብሎ አስረዳት። ደሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባላል። ቆንጂትም ቅቤውን አትነካበትም፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅማ።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሰሎሜ ወደ ዶናቷ ሄደች፤ ባልና ሚስቱ ሲወጡ ከሕንፃዎቹ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ የሚያሻግረውን ድልድይ ይዘው ሄዱ። በጣቢያው በኩል ድልድዩ ጫፍ ላይ አንድ ዓምድ አለ። ቆንጂት ስታልፍ ሁልጊዜ ታየዋለች፣ የባሏ ዓምድ ስለሆነ። ሰሎሜ ሃይስኩል ከገባች ጀምሮ በመሸባት ቁጥር ዘመድኩን ጆሮ የሚሸፍነውን ቆቡን ደፍቶ፣ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ እዚያ ይቆም ነበር። ጋዜጣው አንዳንዴ የባለፈው ሳምንት ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ሰሎሜ፣ አባዬ እባክህ፣ ጓደኞቼ ያዩኛል፣ ልጅ አይደለሁም አለችው። እሺ አለ። መጀመሪያ ወደ ዓምዱ ጀርባ ተዛወረ፤ ያንንም ነቃችበትና ጭራሹኑ ተወው። አሁን ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጦ የአሳንሰሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ አሳንሰሩ አሥራ አራተኛ ላይ ሲቆም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ሲጠብቅ እንዳልነበረ።

አዳራሹ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ አዳራሽ፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ይኸው ሕዝብ ተቀምጦ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ መግዣ ቃል ሲገባ ነበር። ማይክራፎኑም ያው ነው። ሳምቡሳውም ያው፣ አንዱ በአንድ ዶላር፣ ገቢው ለሕንፃው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ስለ ኮሌጅ ወጪና ስለ ወላጆች መዋጮ የሚደረግ ገለጻ» ይላል። የጻፈውም ገለጻውን የሚሰጠውም ራጉኤል የሚባል ወጣት ነው። ራጉኤል ጨዋ ልጅ ነው፤ ኖርዝ ዮርክ በሚባል ሰፈር ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ ክራባት ያስራል። አገሩን የለቀቀው ግን ገና በልጅነቱ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው የሚለውን ቃል በአማርኛ ቢፈልገው መዝገበ ቃላቱ «መዋጮ» አለው፤ እሱም አመነው። መዝገበ ቃላቱ ያልነገረው፣ መዋጮ ማለት ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ፊት ተቁሞ የሚጠራ ገንዘብ መሆኑን ነው። መዋጮ አይገመትም፤ ይጠራል። ዝቅ አድርጎ የጠራ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲጠራ ይከርማል።

ራጉኤል ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ ቤተሰብ ብዛት፣ ስለ ግብር ወረቀት ለረጅም ጊዜ አስረዳ። ሰው በትሕትና አንቀላፋ። ቆንጂት ግን ሰማችው፤ ልጁ የሚለው ሰሎሜ ጠዋት ያለችውን ነበር፣ በተሻለ ክራባት። በመጨረሻ ሰውን ላሳትፍ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ፊት ለፊት ወደ ተቀመጠው ወደ ዘመድኩን ዞረና፣ «እስቲ ለምሳሌ ያህል ጋሼ፣ እርስዎ ለልጅዎ የወላጅ መዋጮ ስንት ነው ይላሉ?» ሲል ጠየቀ።

አዳራሹ ነቃ። ልጁ የጠበቀው «እኔ እንጃ» የሚል መልስ ነበር፤ ከዚያ ሠንጠረዡን ሊያሳይበት። ቆንጂት የባሏ ግራ ጫማ እያብረቀረቀ ወደ ፊት ሲወጣ አየች። ዘመድኩን ተነሣ፣ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ሺህ ዶላር» አለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ። የዓመት ሪፖርት ሲነበብ እንኳ እልል የምትለው የኔነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ራጉኤልም ለምሳሌው ያዘጋጀው ነጭ ሰሌዳ ነበረና «2000» ብሎ ጻፈ፤ በዚህ ነገሩ ተፈጸመ። የተጻፈ መዋጮ የተጻፈ ነው።

«ሦስት ሺህ» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። አቶ ክፍሌ ናቸው። አቶ ክፍሌ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ከእነ ቆንጂት ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ይኖራሉ፤ ልጃቸው ማቲ ሃይስኩል ከሰሎሜ ጋር ነው የሚጨርሰው። ከዘመድኩን ጋር ይዋደዳሉ፤ ግን ለሕንፃው መግዣ ቃል ሲገባ በሃምሳ ዶላር በልጠውታል፤ ያ ሃምሳ ዶላር እስካሁን በሁለቱ መካከል እንደ ቆመ አለ። ዘመድኩን ገና አልተቀመጠም ነበር። «አራት» አለ። ቆንጂት የጃኬቱን ጫፍ ጎተተችው፤ እሱ አይዞህ ያለችው መሰለው። የኔነሽ እልልታዋን አቋርጣ እሷም በበኩሏ፣ ያለ አባት ላሳደገችው ልጇ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ጠራች፤ የእሷ ሲሆን ሰው ዕንባ አወጣ። አቶ ክፍሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አምስት ሺህ» ሲሉ ራጉኤል ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ይህ ግምት ብቻ ነው፣ ምሳሌ ነው፣ እዚህ ማንም ምንም አይከፍልም ብሎ ለመነ። ሕዝቡ ትሕትናውን ወደደለት። ስብሰባውን የጠራው የአበሻ ማኅበር ሊቀ መንበር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲህ የደመቀ ስብሰባ አላየንም ብለው ዘጉት። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይህ ነው።

ሲመለሱ ቆንጂት አትክልት ቤቱ ጋ ቆመች። ትንሽ የጠወለገውን ቃሪያ በር ላይ አውጥተው በርካሽ ይሸጡታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገዛው እሱን ነው። ዘመድኩን ሁልጊዜ አብሯት ይመርጥ ነበር፣ ዛሬ ግን እንደማያውቃት ሰው ራቅ ብሎ ከአውቶቡሱ ምልክት ሥር ቆመ። አራት ሺህ ዶላር ያለው ሰው የጠወለገ ቃሪያ ሲያገላብጥ ቢታይ ምን ይባላል። ቆንጂት ጊዜዋን ወስዳ አንድ በአንድ መረጠች።

ሰሎሜ ከሥራ ስትገባ ጸጉሯ የስኳር ሽታ ይዟል፣ በእጇ የተረፈ ዶናት በከረጢት። ማመልከቻው ጠዋት በተወችበት ጠረጴዛው ላይ ነው። «ፈረምክ፣ አባዬ?» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ። ዘመድኩን በስብሰባው ላይ የሆነውን ነገራት፤ እንደ ድል አድርጎ ነበር የጀመረው፣ እየቆየ ግን ድምፁ ቀነሰ። ሰሎሜ መጀመሪያ የሰማችው አማርኛ ያልገባት መስሏት እናቷን አየች። ቆንጂት ልክ ነው የሰማሽው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሰሎሜ አራቱ ሺህ ከየት ይመጣል ብላ ጠየቀች። ዘመድኩን ማመልከቻውን በጣቱ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ሰው ፊት ተናግሬያለሁ» አለ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማታም ሠርቼ ቢሆን አመጣዋለሁ። ለልጁ ዜሮ ነው የሚል ወረቀት ላይ ግን ስሜን አላኖርም።»

ሰሎሜ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። አንተ ካልፈረምክ ብድሩ የለም፣ ብድሩ ከሌለ አልሄድም ማለት ነው አለች፤ ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ስልኩ ሳሎን ቀርቷል። ቆንጂት በሩ ሥር ገመድ አላየችም። ተናደደች፤ በባሏ እንዲህ ተናዳ አታውቅም። «ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል» አለችው። «አንተ ደግሞ ቸግሮን፣ ጤፉን ቋት ሙሉ ሲሰጡን፣ ስልቻ አልዘረጋም አልክ።» ዘመድኩን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

በሩ የተንኳኳው ይሄኔ ነው። ቆንጂት ልትከፍት ስትሄድ «ቆንጂት፣ እኔ ነኝ፣ ክፍሌ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘመድኩን ከወንበሩ ሲነሣ የዕድሜውን ግማሽ ያራገፈ ይመስል ነበር፤ በእጁ ተኝቷል በይ የሚል ምልክት ሰጥቷት መኝታ ቤት ገባና በሩን ገፋ። አቶ ክፍሌ የቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ነው የመጡት፤ ከጃኬታቸው ሥር የሱፐርማርኬት ፌስታል ደብቀዋል። ዘመድኩን ተኝቷል ስትላቸው «እሰይ» ካሉ በኋላ፣ ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ ብለው አስተካከሉት። ተቀመጡ። ስለ አየሩ ተነጋገሩ። የእሳቸው ሕንፃ አሳንሰር ከሐሙስ ጀምሮ ተበላሽቷል። ቲማቲም ተወዷል። ጤናዋን ጠየቁ፤ ሲገቡም ጠይቀው ነበር። ከዚያ የሚነሣ ነገር ጠፋና ሁለቱም ምንጣፉን አዩ።

ሰሎሜ የለችም ወይ ብለው ጠየቁ በመጨረሻ። ሰሎሜ ፊቷን ታጥባ ወጣች። አቶ ክፍሌ ከፌስታሉ ውስጥ የግብር ወረቀታቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። «ማቲ ነው የነገረኝ፤ ሠንጠረዡን ታውቂዋለሽ አሉ። አንቺ ብቻ እዪው፣ የኔ ልጅ» አሉ። ቆንጂት ለክብራቸው ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰሎሜ ሒሳብ ማሽኑን ስትነካካ እሳቸው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ቤንዚኑና የመኪናው ኪራይ የታክሲውን ገቢ እንዴት እንደሚበላው ተናገሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለቆንጂት፣ «አምስት ያልኩት በእልህ ነው። ዘመድኩን ያለው ሰው ነው፤ እሱ አራት ሲል እኔ ምን ልበል? ማቲን አንገቱን ላስደፋው? አደራሽን እንዳይሰማ» አሏት። ከመኝታ ቤቱ አልጋው ሲጢጥ አለ።

ሰሎሜ ራሷን ቀና አደረገች። «ጋሽ ክፍሌ» አለች፣ «አንተም ዜሮ ነህ።»

ቆንጂት ሁለት ጊዜ ደነገጠች። አንዱ፣ ልጅቷ ትልቅ ሰው «አንተ» በማለቷ ነው፤ ይህ ልማዷ ነው፣ ስንት ጊዜ ብትነግራት አልገባትም። ሁለተኛው ግን ያቺ «ም» ናት። አንተ ዜሮ ነህ ብትል በቃ ነበር። ሰሎሜ ከአማርኛዋ ግማሹን ጥላ አድጋ፣ ያቺን አንዲት ፊደል ግን አጥብቃ ይዛት ኖሯል። አቶ ክፍሌ «ዜሮ» የሚለውን ሲሰሙ መጀመሪያ ተነፈሱ፣ ከደረታቸው ድንጋይ እንደ ወረደላቸው ሁሉ፤ ቀጥሎ ግንባራቸው ተሸበሸበ። አንተ መባላቸውን ልብም አላሉት። «አንተም?» አሉ። «ሌላው ማነው?»

ሰሎሜ እናቷን አየች። ቆንጂት ቃሪያውን አየች። መዋሸት አቅቷት አልነበረም፤ ማቲን ማለቷ ነው፣ ጓደኛዋን ማለቷ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን አንድ ነገር አፏን ያዛት፤ መልሱ የእሷ አልመሰላትም። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ዘመድኩን ወጣ፤ ጃኬቱን እንደ ለበሰ ነው፣ ሲራመድ ቁልፉን ቆለፈ፣ አዳራሹ ውስጥ እንዳደረገው። ጉሮሮውንም ጠረገ።

«እኔን ነው፣ ክፍሌ» አለ። «ዜሮ ነኝ። ከነሚስቴ።»

አቶ ክፍሌ ቀና ብለው አዩት፤ ጃኬቱን፣ የሚያብረቀርቀውን ግራ ጫማ፣ የማያብረቀርቀውን ቀኝ። ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አዩ። ቆንጂት እንዳይጣሉ ፈራች። አቶ ክፍሌ ግን ቀስ ብለው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። «እንኳን አደረሰህ» አሉት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ዘመድኩን። ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫቸው ወጣ፣ ቀጥሎ በትከሻቸው፤ በኋላ ሁለቱም የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። ዶናቱ ተበላ። አቶ ክፍሌ ፌስታላቸውን ይዘው ሲወጡ፣ ይህን ነገር ለሰው እንዳታወሩብኝ ብለው አደራ አሉ፤ ዘመድኩንም ለማን እነግራለሁ አላቸው።

በሩ ሲዘጋ ሰሎሜ ማመልከቻውን ወደ አባቷ ገፋ አደረገች። ዘመድኩን ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «መንግሥት ከእኔ ምንም አይጠብቅም፤ ይሁን» አለ። «አንቺስ? አንቺ ስንት ትጠብቂያለሽ?»

ሰሎሜ የተቆጣት መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታየው ግን እውነት እየጠየቃት ነው። አሰበች። «ዩኒቨርሲቲው ጋ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ይኖረናል» አለች። «ላብ ደግሞ ማታ ነው የሚያልቀው።»

«እና?»

«ድልድዩ ጋ ቁምልኝ።»

ዘመድኩን የእስክሪብቶውን ክዳን ሲከፍት ሲዘጋ ቆየ። «ከዓምዱ ፊት ነው ከኋላ?» አለ።

«ከፊት» አለች ሰሎሜ።

ትምህርቱ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቃት። አራት አለችው። «አራት» አለ ዘመድኩን፤ ወደ ቆንጂት ዞሮ፣ ምስክር እንደሚቆጥር ሰው፣ «ሰማሽ? አራት ብያለሁ» አላት። ከዚያ ፈረመ። የመዝገብ ቤት ኃላፊነቱ ዘመን ፊርማ ነበር፣ ጅራቱ ከሳጥኑ ወጥቶ በቆንጂት ስም ሥር አልፎ የሚሄድ። ቆንጂት ዕንባዋ መጣ፤ የቃሪያ እጄን ዓይኔ ውስጥ ጨመርኩ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ቃሪያው ገና አልተከተፈም።

እራት ሳይቀርብ በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ በጣም ቀስ ተብሎ ነው። በዚህ ጊዜ የከፈተው ዘመድኩን ራሱ ነው። የኔነሽ ናት፤ ከነጠላዋ ሥር ፌስታል ይዛ፣ የምትለውን ስታጣ ለሰላምታ አሳንሰሩን ታማለች። «ግቢ፣ ግቢ» አላት ዘመድኩን በሩን ወለል አድርጎ። «አይዞሽ፣ እዚህ ቤት ሁላችንም ዜሮ ነን።»

የኔነሽ እልል እንዳትል ለምነው ከሸኟት በኋላ፣ ቆንጂት የታጠበውን ልብስ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ማጠፍ ጀመረች። ያ ነጭ ካልሲ ከቀለማሙ ጋር ታጥቦ ሮዝ ሆኖ ወጥቷል። ጥንዱን አግኝታ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ሮዝ፣ እንዲያው ጠቀለለቻቸው፤ የዘመድኩን ናቸው፣ ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል። የስልኩ ገመድ በአጠገቧ አልፎ በመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ይገባል። ሰሎሜ በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ አባቴ ፈረመ አለች፣ አዎ፣ ሰኞ ይሄዳል አለች። ጓደኛዋ የወላጆችሽ ድርሻ በመጨረሻ ስንት ሆነ ብላት መሆን አለበት፣ ሰሎሜ ገመዱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ቆንጂት እጇን አቆመች።

«ዜሮ ነው» አለች ሰሎሜ። «ወረቀቱ ላይ።»